በግራ በኩል የቀረው ጭቃ

ኤሜት ፕሩትን ያወቅኩት ስሰድበው ነው። የሚያፈቅሩትን ሰው በስድብ መጀመር ደግ አይደለም፤ ግን ጥፋቱ የእሱ ነበር።

ነሐሴ ነው፤ በሜስኪት ዌልስ ገና በጠዋቱ አናት የሚበሳ ፀሐይ የሚወጣበት ወር። አባቴ ራሞን ኦርቴጋ የኮሌጃችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዕቃ ኃላፊ ነው፤ እኔም ከትምህርቴ ጎን ለጎን ረዳቱ ነበርኩ። ዕቃ ክፍላችን ዙሪያውን በወፍራም ሽቦ የታጠረ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው ስለሆነ ሁሉም ሽቦ ቤት ይለዋል። ተጫዋቾቹ በመስኮቷ የቆሸሸ ይሰጡኛል፣ የታጠበ እሰጣቸዋለሁ። ስሜ ዴልፊና ነው፤ እነሱ ግን «ሽቦዋ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ረጅም ልጅ መጣና ሄልሜቱን በመስኮቷ አስገባልኝ።

«እባክሽ፣ ይሄ ነገር ታሟል።»

አየሁት። ከፊት ያለው የዓይን መከለያ፣ ልጆቹ ቫይዘር የሚሉት ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ተሞልቶ ነጥቷል።

«በምንድነው የወለወልከው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። በመስኮት መስታወት ማጽጃ።»

«በመስታወት ማጽጃ! ምነው በበረኪና ብትቀቅልልህስ?»

«ተይ፣ እናቴን አትንኪ።»

«እናትህን ማን ነካ? የምናገረው አንተን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶህ ሄልሜትህን እናትህ የምታጥብልህን ጎረምሳ!»

ከኋላው የተሰለፉት በሳቅ ፈነዱ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ነው የሚስቀው። አሮጌውን መከለያ ፈትቼ አዲስ ስገጥምለት በመስኮቷ አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

«ጥቁሩን አድርጊልኝ በቃ። ያንን የፀሐይ መነጽር የሚመስለውን።»

«አይፈቀድም።»

«ለምን?»

«መትተው ሲጥሉህ፣ ሄልሜትህን ሳናወልቅ ዓይንህን ማየት አለብንና! ጥቁር ካደረግክ ራስህን ሳትክ ወይስ እንቅልፍ ወሰደህ፣ በምን እናውቃለን?»

 ዓይኖቹ አረንጓዴ ይሁኑ ቡናማ አልለይ ብሎኝ ከሚገባው በላይ አየኋቸው።

«ስለዚህ ካልወደቅኩ ዓይኔን የሚያይልኝ የለም ማለት ነው?»

«ሂድ ወዲያ!» አልኩት። ፊቴ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ይህን የነገረኝ አባቴ ነው።

አባቴ አንድ ሥርዓት ነበረው። ለልምምድም ሆነ ለጨዋታ ተጫዋቾቹ ሲወጡ በር ላይ ይቆምና እያንዳንዱን ሄልሜት በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ካንኳኳ ሙሉ ነው፤ ጎደሎ ከሆነ ይመልሰዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ሳያንኳኳ ያሳለፈው ልጅ የለም። ልጆቹም ሳይንኳኳለት የወጣ ሰው ይሰበራል ብለው ያምናሉ፤ አሰልጣኙ ሃክቢ ራሳቸው ያምናሉ። መከለያ ማድረግ ግዴታ አይደለም። አንዴ የለመደ ልጅ ግን ያለሱ እንዲወጣ አባቴ አይፈቅድም። «የለመደ ሰው ዓይኑን መጠበቅ ይረሳል» ይላል።

መከለያ የማጥበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከአባቴ አሮጌ ካናቴራ የተቀደደ ለስላሳ ጨርቅ፤ ሌላ ምንም። ኤሜት የራሱን ራሱ ማጠብ ሊማር ነው በሚል ሰበብ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ጀመር። ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፣ ኮክ የተሞላ ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል፣ አንድም መከለያ ሳያጥብ ይሄዳል።

«ፊና» አለኝ አንድ ቀን። ፊና የሚለኝ አባቴ ብቻ ነበር። «እዚህ ከተማ ውስጥ ስሜን የምትጠሪው አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?»

«ሌላው ምን ይልሃል?»

«ሠላሳ አንድ። ፀጉር ቤት ስገባ ሠላሳ አንድ፣ ቤንዚን ስቀዳ ሠላሳ አንድ። አያቴ ሠላሳ አንድን ለበሰ፣ አባቴ ለበሰ፣ እኔ ስወለድ ሆስፒታል ድረስ ያመጡልኝ ማልያ ያው ሠላሳ አንድ ነው። ጥርስ ሳላወጣ ቁጥር አወጣሁ።»

«አትልበሰዋ።»

«እሺ፣ አባቴን አንቺ ንገሪልኝ።»

አባቱን ላይል ፕሩትን የማያውቅ የለም፤ የጎማ ሱቁ ግድግዳ ከጎማ ይልቅ የፉትቦል ፎቶ ነው ያለበት። እሱን ደፍሮ የሚናገር ሰው አልተወለደም።

«መውጫዬ አንድ ብቻ ናት» አለ ኤሜት፣ በሽቦው መሃል ወደ ሜዳው እያየ። «ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መልማዮች ሊያዩኝ ይመጣሉ። ከወሰዱኝ እወጣለሁ። ካልወሰዱኝ ግድግዳው ላይ ሰቅለውኝ ጎማ ስለውጥ እኖራለሁ።»

እኔም ተይዣለሁ ልለው ፈልጌ ነበር። ሽቦ ውስጥ ተቀምጬ ከሳምንቱ ሰባት ቀን አንዷን ብቻ የምጠብቅ ሰው ሆኛለሁ ልለው። አፌ ግን ለስድብ እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ አይፈታም።

ስለዚህ የማይረባ ነገር ሠራሁ።

መስከረም መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ነው። አባቴ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ በሩ የተተወው ለእኔ ነበር። የኤሜትን መከለያ ፈትቼ አጠብኩ። በሁለት ደቂቃ የሚደርቅ ነገር ነው።

«ገና አልደረቀም» አልኩት። «ነገ መጥተህ ውሰደው።»

መከለያውን አየ፤ እኔን አየ። ደርቆ እንደነበር ያውቃል። ነገ አርብ ነው፤ አርብ የእኛ ቀን አልነበረም።

«ልምምዱስ?»

«የዛሬው ቀላል ነው አይደል? አንድ ቀን ምን ይደርስብሃል?»

ፈገግ አለና ጎደሎውን ሄልሜት አጠለቀ። በበሩ ሲያልፍ በጣቴ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁለት።

አርብ ሲመጣ ግራ ዓይኑ ደም መስሏል። «የአንዱ ጣት ገባ፤ ደህና ነው» አለ። ደነገጥኩ፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር፣ እኔም ሳቁን አመንኩት። መከለያውን ገጠምኩለት። መጀመሪያ የሳመኝ የዚያን ዕለት ነው፣ በመስኮቷ፣ ግማሽ ከንፈሬን ሽቦ ግማሹን እሱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት አልተርክም። ደስ የሚል ነገር ሲተረክ ይቀዘቅዛል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ በዝናብ ተጫወቱ። በእኛ አገር ዝናብ በዓመት አንዴ ይመጣና የዓመቱን ሁሉ አውርዶ ይሄዳል። ሜዳው ማጥ ሆኖ፣ ያንን ሞላላ ኳስ ታቅፈው የሚሮጡትም የሚጥሏቸውም አንድ ዓይነት ጭቃ ሆኑ። አሸነፍን። ሄልሜቶቹን በመስኮቷ ወርውረው ወጡ፤ እኔም ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርኩ።

ሁሉም መከለያ ላይ የጣት መንገድ አለ። ጭቃ ሲረጭበት ሰው ሳያስበው እጁን ሰዶ ይጠርጋል፣ ከቀኝም ከግራም። ሠላሳ አንድ ቁጥርን አነሳሁ። በቀኝ በኩል አራት የጣት መንገድ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ። በግራ በኩል ግን ጭቃው እንደተረጨ፣ ሳይነካ፣ ወፍሮ ደርቋል።

ጨርቁን አስቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያ ሁሉ ጭቃ ዓይኑ ላይ ተለጥፎ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አልሰደደም። ለምን? ሰው የማያስቸግረውን ነገር አይጠርግም። የማያየው ነገር ደግሞ አያስቸግረውም።



ኤሜት እያፏጨ ገብቶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። የፋሻ ጥቅል አነሳሁና በግራው በኩል ወረወርኩለት። በዝናብ ኳስ የማይጥለው ልጅ እጁን እንኳ ሳያነሳ ጥቅሉ ጆሮውን መታው።

«እብድ ነሽ እንዴ?»

«አላየኸውም።»

«ሳትነግሪኝ ወርውረሽ...»

«አላየኸውም፣ ኤሜት።»

 መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ፊት ለፊት አያለሁ። በግራ ዳር በኩል ግን ጥቁር መጋረጃ አለ። መጀመሪያ ክር ታህል ነበር። አሁን ትሳባለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

 መልሱን ግን እኔው አውቀው ነበር፤ ጎደሎውን ሄልሜት ካጠለቀባት ሐሙስ ጀምሮ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ‹መከለያህ የት ነበር?› አይሉኝም? ምን ልበል? ማን አንኳኳልህ ሲሉኝስ?» አሁን ቀና አለ። «አንቺ ትባረሪያለሽ። አባትሽ የሃያ ስድስት ዓመት ስሙ ይጠፋል። እኔም ይቺን መውጫ አጣለሁ። ሦስታችን በአንድ ቀን።»

ያኔውኑ ስልክ አነሳሁ። ሉበክ ከተማ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ደወልኩና «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብዬ መጋረጃውን ነገርኳቸው። የመለሰችልኝ ሐኪም ድምጿ ተለወጠ።

«የእኔ እህት፣ ይሄ ከዓይኑ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው። ዛሬውኑ ይምጣ። መጋረጃው መሃል ሳይደርስ ከሆነ እንጠግነዋለን። መሃል ከደረሰ ብንጠግነውም እይታው እንደነበረው አይመለስም።»

ቃል በቃል ነገርኩት። እጄን ያዘኝ።

«መልማዮቹ ቅዳሜ ነው የሚመጡት። እስከ ቅዳሜ፣ ፊና። አምስት ቀን። ጨዋታው እንዳለቀ ከሜዳው በቀጥታ ሉበክ እሄዳለሁ፣ በእናቴ ሞት።»

«ቢመቱህስ?»

«መከለያ አለኝ አይደል? አንቺ ነሽ የምታስሪልኝ።»

እሺ አልኩት። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያች ያለ ከባድ ቃል የለም። ወድጄው ነው እሺ ያልኩት? ፈርቼ ነው? ሁለቱም ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልለየኋቸውም።

የዚያን ሳምንት ኑሮዬን ጠላት አይኑረው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በሁለተኛው ቀን ነቀዘ። አባቴ ሻይ ሲያቀብለኝ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። «ምነው ልጄ፣ አሞሻል?» ሲለኝ ሳቅኩ። ብናገር ኤሜትን አጣለሁ፣ ዝም ብል ኤሜት ዓይኑን ያጣል። ሽቦ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል አራት እርምጃ ነው፤ አራት ሄጄ አራት እመለሳለሁ።

በየቀኑ ይመጣል። ባልዲው ላይ ይቀመጥና ቀኝ ዓይኑን በእጁ ከድኖ፣ በግራው አፍንጫዬን ትክ ብሎ ያያል። እኔ ባልዲው ፊት እንበረከካለሁ። መጋረጃው የት እንደደረሰ የምንለካው በእኔ ፊት ነበር።

ማክሰኞ፦ «ፀጉርሽ ጠፋ። ጆሮሽ አለ።»

ረቡዕ፦ «ጆሮሽ ጠፋ።»

ሐሙስ፦ «ጉንጭሽ... ይሄኛው ጉንጭሽ ጠፋ። ምንም አይደል፣ ሌላ ጉንጭ አለሽ።»

«አትቀልድ።»

«ካልቀለድኩ ምን ልሁን?»

አርብ አልቀለደም። ጣቱን ሰዶ ቀኝ ዓይኔን ዳሰሰ፣ ቅንድቤን፣ ሽፋሽፍቴን፣ ዕውር እንደሚዳስስ።

«አንዱ ዓይንሽ ጠፋ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱ ብቻ ቀረ።»

ከዓይኔ እስከ አፍንጫዬ ስንት ጣት ነው? ለካሁት። ሁለት ጣት አይሞላም።

ቅዳሜ ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሜዳው ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሞልቶ የከበሮው ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ሄልሜታቸውን በመስኮቷ እየተቀበሉ ይሰለፋሉ፣ እሱ ያንኳኳል፣ ይወጣሉ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ነበር። መከለያውን ሦስት ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

«ፊና፣ ስጪኝ» አለ ኤሜት፣ እጁን በመስኮቷ ዘርግቶ።

ተነሳሁ። ወደ መስኮቷ ሳይሆን ወደ ሽቦው በር ሄድኩና ከውስጥ ቆለፍኩት። መስኮቷንም ዘጋሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልሰጥህም።»

«ፊና፣ ቀልድ አይደለም! ስጪኝ!»

«አልሰጥህም አልኩህ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሄልሜቱን በሁለት እጄ ሆዴ ላይ አጣብቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኤሜት ሽቦውን ይዞ ነቀነቀው። አሰልጣኝ ሃክቢ እየጮኹ መጡ፦ «ምንድነው ይሄ? ራሞን! ልጅህ አብዳለች እንዴ?» ወጥተው የነበሩት ሁሉ ተመለሱ። አርባ ሰው በሽቦው ዙሪያ ቆሞ ያየኛል።

አባቴ ሰዉን ገፍቶ መጣ። አልጮኸም።

«ልጄ፣ በሩን ክፈቺ።»

«አባዬ፣ መጀመሪያ ስማኝ። ጥርስህን የተነቀልክ ቀን በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የኤሜት ሄልሜት መከለያ አልነበረውም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ደርቆ ነበር፤ አልደረቀም አልኩት።»

«ለምን?»

አርባ ሰው። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

«አርብም ተመልሶ እንዲመጣልኝ ብዬ! ስለምወደው! ጎደሎውን ሄልሜት በራሴ እጅ አንኳኩቼ ላክሁት፣ የሰው ጣት ገባበት። አሁን ግራ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ሰኞ ነው ያወቅኩት፤ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። አንዴ መከለያውን አስቀረሁበት፤ ዛሬ ሄልሜቱን አስቀርበታለሁ። ከፈለጋችሁ ሽቦውን ቆርጣችሁ ግቡ።»

 ከውጭ ከበሮው ይሰማል። ኤሜት ሽቦውን እንደያዘ ነው፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«ዓይንሽን ላፈር» አለኝ።

በጩኸት ቢለኝ ይሻል ነበር።

አባቴ ወደ እሱ ዞረ። በመዳፉ የልጁን ቀኝ ዓይን ከደነና ሌላውን እጁን በግራ በኩል ዘረጋ። «ስንት ጣት ነው?»  አባቴ እጁን አቀረበ፣ አቀረበ፣ አፍንጫው ጋ ሊደርስ። «አሁንስ?»

«...ሦስት» አለ ኤሜት። ድምፁ ተሰበረ።

አባቴ እጁን አወረደ። ወደ አሰልጣኙ ዞሮ፣ «ይሄን ልጅ አላንኳኳለትም» አለ።

አሰልጣኝ ሃክቢ አባቴን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። አባቴ ያላንኳኳለትን ልጅ የሚያስወጣ በዚያች ከተማ አልነበረም። «ላይልን ከመቀመጫው ጥሩልኝ» አሉ።

አባትና ልጅ በጎማ ሱቁ መኪና ወደ ሉበክ ሲሄዱ በሽቦው ቀዳዳ አየሁ። ኤሜት ዞሮ አላየኝም። ጨዋታውን ተሸነፍን። መልማዮቹም ሄዱ።

በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ፤ ተገቢ ነው። አባቴን አላስወጡትም፤ እሱ ግን ራሱን አልማረም። አንድ ሳምንት ሙሉ «እራት ቀርቧል» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

«ቤታቸውን ታውቂዋለሽ» አለ።

በሩን የከፈተልኝ ላይል ፕሩት ነው። በር የሚያክል ሰው። ሊረግመኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ።

«ማንንም አላናግርም ብሏል» አለ። ከዚያ ከመንገዱ ዘወር አለልኝ። «ግቢ። መቼም ማምለጥ አይችልም።»

ለኤሜት ቀዶ ጥገና በተደረገለት ዓይኑ ውስጥ የአየር አረፋ አስገብተውለታል፤ አረፋው ሽፋኑን ደግፎ እንዲይዝ አሥር ቀን ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ መኖር አለበት። በደረት በሚደገፉበት ወንበር ላይ ተደፍቷል፤ ግንባሩ ቀዳዳ ባለው ትራስ ላይ አርፏል። የሚታየው ነገር ወለሉ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማነው?»

ሁለት እርምጃ ቀረብኩ።

«ጫማሽ ላይ የሳሙና ነጭ ነጠብጣብ አለ» አለ ከስር። «ሂጂ።»

አልሄድኩም።

«ዓይንሽን ማየት አልፈልግም ብያለሁ።»

«አታይማ። የምታየው ምንጣፍ ነው።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ስል ለካ ሳቁን ውጦ ነው። «አታስቂኝ፤ እንዳልነቃነቅ ተከልክያለሁ።»  ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል።

«ሐኪሟ ምን አለች?» አልኩ።

«አንድ ቀን ቢዘገይ መሃሉ ይሄድ ነበር አለች። አንድ ቀን።» ተነፈሰ። «ኳስ ግን በቃ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ለየቱ? መከለያውን ደርቆ እንደነበር እያወቅኩ ነው ትቼልሽ የሄድኩት፤ አርብን እኔም ፈልጌያታለሁ። ስለተናገርሽም አልተናደድኩም።» ድምፁ ወለሉ ላይ ይወድቃል። «አምስት ቀን ስለሰማሽኝ ነው። እኔ ሞኝ ነበርኩ። አንቺ ሞኝ አልነበርሽም፣ ፊና። ገና ሰኞ ዕለት ሄልሜቴን ልትደብቂብኝ ይገባ ነበር።»

 እውነቱን ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ በጀርባዬ ተኛሁ፣ በወንበሩ እግሮች መሃል እየተንፏቀቅኩ ገባሁ፣ ፊቴ በትራሱ ቀዳዳ ትክክል እስኪሆን ድረስ። ፂሙ አድጓል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን አለ። የአንድ ክንድ ርቀት የለም በመሃላችን። ስምንት ቀን ምንጣፍ ብቻ ያየ ሰው እንዴት እንደሚያይ እኔ ልንገራችሁ፤ ዓይኑን አይነቅልም።

«ምን ሆነሽ ነው እዚያ?»

«ወድቄ ነው።»

«እንግዲያው ዓይንሽን ማየት አለብኛ» አለ።

ቀኝ ዓይኑን በእጁ ከደነ። «በአረፋው ሩቅ አይታየኝም። ቀረብ በይ።» ትራሱ ድረስ ራሴን ቀና አደረግኩ። አንዲት ትኩስ ጠብታ ግንባሬ ላይ ወደቀች፤ የማን እንደሆነች አልተጠያየቅንም።

«ፀጉርሽ አለ» አለ። «ጆሮሽ... ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን አለ። ጉንጭሽ አለ።» ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ቀኝ ቅንድቤን ነካ። 

በሩ ተከፈተ። ላይል ፕሩት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ ቆሟል። ልጁን ተደፍቶ፣ እኔን ከወንበሩ ስር እግሬ ብቻ ወጥቶ ሲያይ ግራ ገባው።

«ልጅቷ ምን ጠፍቶባት ነው እዚያ ስር የምትፈልገው?»

«ምንም አልጠፋም፣ አባዬ» አለ ኤሜት፣ ጣቱን ከዓይኔ ላይ ሳያነሳ። «ሁሉም አለ።»